ሳትነቅል የማታስረክበዋ ባለሙያ

ለትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል ማደራጀት ነው ሥራዋ። ሌላው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ትሰበስብና ሆድ ዕቃውን አውጥታ ታቀልለዋለች። ተማሪው ፊት ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ነው፤ የሚያስበው ጓዳ የተቀመጠው ሰርቨር የሚባለው ዋና ኮምፒውተር ነው። ታዲያ አንድ ክፉ አመል አለባት። ሥራ ስታስረክብ፣ ተማሪዎቹ መጻፍ ላይ እያሉ፣ ለማንም ሳትናገር አንዱን ሰርቨር ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ርዕሳነ መምህራኑ ደማቸው ይፈላል። እሷ እቴ፣ «ሳልነቅል አላስረክብም» ብላ ድርቅ ትላለች።

አመሉ የተጠናወታት እናቷ ከሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። እናቷ የቋንቋ መምህርት ናቸው። አምና እዚያ አንድ ሰርቨር ብቻ ተክላ ነበር፤ እሱም በፈተና መሃል ቀጥ አለና የክፍሉን ሁሉ ድርሰት ውሃ በላው። መምህራኑ ባለሙያዋን ሲቦጭቁ፣ እናት ልጃቸው መሆኗን ትንፍሽ አላሉም። የልጅቱን አንጀት የቆረጠው ይሄ ነው። ሰርቨርማ ይጠገናል።

ዘንድሮ ተመልሳ ሁለት ተከለች። ተማሪውን እኩል ይካፈላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሁሉንም ይሸከማል። የሚጻፈው ነገር ደግሞ በየደቂቃው ለብቻው በሌላ ማሽን ላይ ይቀመጣል።

«እማዬ፣ ክፍልሽን ይዘሽልኝ ነይ። አንዴ ብቻ እመኚኝ» አለቻቸው።

«ልጆቹ ዳግም ቢያለቅሱ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ እኮ» አሉ እናት። መምጣቱን ግን መጡ።

ተማሪዎቹ ድርሰታቸውን ተያያዙት። እሷ ጓዳ ገባች፤ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ያዘች። ነቀለችው። የክፍሉ ግማሽ ስክሪን ድርግም አለ። አንዷ ተማሪ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። እናት ዞረው ጓዳው በር ላይ በቆመችው ልጃቸው ላይ አፈጠጡ።

«ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን እንደገና አስገቡ» አለች።

አስገቡ። ድርሰቱ ካቆሙበት ቦታ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። እናት አላመኑም፤ ከወንበር ወንበር እየዞሩ አነበቡ። አንዱ ተማሪ ጋ ሲደርሱ፣ «ስህተትህንም አልጣለልህም፤ በል አርም» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ርዕሰ መምህሩ ግርግሩን ሰምተው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ከጓዳው ብቅ ያለችውን ሴት፣ ከነነቀለችው ገመድ፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ዓይነት ደፋር ናት! ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

«የኔ» አሉ እናት፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የወለድኳት እኔ ነኝ።»