ሁለት ናቸው ያልኩ ዕለት

ናዝሬት፣ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ ጎሚስታ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እሠራ ነበር። እኔ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፤ እሱ ይነፋል፣ ከሹፌሮች ጋር ይጫወታል። እኛ ዘንድ ሹፌር በስሙ አይጠራም። ቀስ ብሎ የሚነዳው «አዝጋሚው» ነው፤ ከመቂ ሽንኩርት የሚጭነው «አስለቃሹ»። ስም አውጪው ጓደኛዬ ነበር። ኋላ ከመጽሐፍ አንብቤ የነገርኩት የሒሳብ ሊቃውንትም ስም የወጣላቸው በዚሁ ደንብ ነው።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የቀበሌያችን ንባብ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ የሒሳብ ሰዎችን ታሪክ የሚተርክ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተቆልፎበት ነበር። ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ጠባቂው በመጣ ቀን እዚያው ተቀምጬ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ አነባለሁ፤ በማግስቱ ጎማ ስንገጥም ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ። አሸዋ ላይ ክብ ስሎ ሲመራመር ወታደር የገደለውን ግሪካዊ «ባለ ክቡ» አለው። አልጀብራን የመሠረተው የባግዳዱ ሰው «ሚዛኑ» ተባለ፤ ከግራ ያነሣኸውን ከቀኝም ታነሣለህ ብዬ አስረድቼው ስለነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ቀመሩን በቃሉ እያስጻፈ የሠራው ስዊዘርላንዳዊ «በቃሉ» ሆነ። የሚለዋወጥ ነገር የሚሰላበትን ካልኩለስን፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ ለየብቻ ደርሰውበት፣ የኔ ነው የኔ ነው ሲባባሉ ኖረዋል። እነሱን «ጣውንቶቹ» አላቸው። ጠባቂው አቦምሳ ተዛውሮ ንባብ ቤቱ የተዘጋው እኔ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ነው። ጠባቸው በምን እንዳለቀ አላነበብኩም።

የቀበሌያችን ወጣት ማኅበር የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ያሸነፈ የንባብ ቤቱን ቁልፍ ተረክቦ አዲሱ ጠባቂ ይሆናል ተባለ። ሁለታችንም ተመዘገብን።

«ማናችንም ብናሸንፍ ቁልፉ ያንተ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «እኔ ምን ላደርገው? ልተኛበት?»

አመንኩት።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሌሎቹ እየወደቁ ሄደው በመጨረሻ እኔና እሱ ቀረን። ጠያቂው አስተማሪ ካርዱን አንሥተው፣ «ካልኩለስ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ የፈጠረው ሊቅ የየት አገር ሰው ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ናቸው» አልኩ። «አንዱ እንግሊዛዊ፣ አንዱ ጀርመናዊ።»

«የተጠየቅከው ስለ አንድ ሰው ነው።»

«አንድ ካልኩ ልክ አይሆንም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጓድ ጎማ፣ አንዱን አስተንፍሰዋ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን አልሳቁም።

«ጀርመናዊው ከየትኛው ጀርመን ነው?» አሉ።

«ያኔ ጀርመን ለሁለት አልተከፈለችም ነበር።»

«በአሁኑ ብንሄድስ?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። «የተወለደበት ከተማ ምሥራቅ ጀርመን ነው፤ የሞተበት ምዕራብ» አልኩ።

«ኮብልሏል በላ!» አለ ያው ሰው።

ሊቀ መንበሩ በእጃቸው ጸጥ አሰኙና ጥያቄው ወደ ጓደኛዬ ተላለፈ። ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ። «ጣውንቶቹ» ሲላቸው ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ስቀው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ሁለት መሆናቸውን ያውቃልና አልሰጋሁም።

«አንድ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የምሥራቅ ጀርመን ሰው ነው» አለ። ይህም አልበቃውም። «ጓዴ የምዕራቡን ነገር ማካበድ ይወዳል።»

ፈገግ ብሎ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። ሊቀ መንበሩ አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከተላቸው። አስተማሪው ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ስንወጣ ተጠግተውኝ፣ «ካርዱ እንግሊዝ ነው የሚለው። ምን ላድርግ ልጄ?» አሉኝ።

በማግስቱ ንባብ ቤቱ ሄድኩ። ጓደኛዬ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆሟል።

«ላንተ ለጊዜው ተከልክሏል። ግለ ሂስ አድርግና ትገባለህ።»

«ስለ ምኑ?»

«ሁለት ናቸው ስላልከው።»

«አንተስ? ሁለት መሆናቸውን አታውቅም?»

«ስማ ወንድሜ፣ ለሞተ ሰው ብለህ ራስህን አታስበላ። አንድ ነው በልና ግባ፤ ከዚያ የፈለግከውን አንብብ።»

አላልኩም። ጀግንነት አልነበረም። እንደዚያ ብዬ ገብቼ ያንን ገጽ ብከፍተው ሁለቱን ሊቃውንት ቀና ብዬ የማያቸው አልመሰለኝም።

እሱ ጎሚስታውን ትቶ የቀበሌ ሰው ሆነ። ከክረምቱ በኋላ የሊቀ መንበሩን መኪና ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ። እንደ ድሮው ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ላናግረው አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ያ ገጽ ከውስጤ አልወጣም።

«ጣውንቶቹ መጨረሻቸው ምን ሆነ? እስቲ አይተህ ንገረኝ» አልኩት።

«የትኞቹ ጣውንቶች?»

«ራስህ ስም ያወጣህላቸው» አልኩት። ትዝ አለውና ሳቀ።

«አይ አንተ፤ አሁንም እዚያው ነህ? ያ ወፍራሙ መጽሐፍ አይደል? ቁም ሳጥኑ እየተነቃነቀ ሲያስቸግረኝ ከእግሩ ሥር አደረግኩት።»

የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ገንዳው ውሃ ውስጥ ነከርኩና አየር የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።