አማከለች ያልለካችው መቅደስ

አማከለች መሬት ለኪ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜትር ይዛ የመንዝን ገጠር ዞራለች። የወንድማማቾችን ድንበር ስትለካ ከሁለቱም ወገን ተሰድባለች፤ ልኬቷ ግን ተሳስቶ አያውቅም ይባልላታል። ባለቤቷ ቅጣው ካረፈ በኋላም አንድ ቀን ከሥራ አልቀረችም። ሰው “እንዴት በርትተሻል” ሲላት “እግዚአብሔር ይመስገን” ትላለች። ብርታት እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እንባ አልመጣላትም። ምግብ ጣዕም አልነበረውም። ጠዋት ትነሳለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ማታ ትተኛለች።

የአፋፉ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሙዚየም ይሁን ሲባል ንድፉን እንድትሠራ የተመረጠችው እንዲህ ሆና ሳለች ነው። ገዳሙ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ምንጩ ሲደርቅ መነኮሳቱ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ገዳም ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹም አረፉ። ከአራት ዓመት በፊት ታቦቱ በካህናትና በሕዝብ ታጅቦ ታች መንደሩ ውስጥ ወደተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። ላይ የቀሩት ክቡ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ መነኮሳቱ ማዕድ ይቀርቡበት የነበረው ረጅም ቤት፣ የበሩ ቤትና አንድ መነኩሴ ናቸው።

መነኩሴው አባ ገብረየሱስ ይባላሉ። አልወርድም ብለው አልተከራከሩም፤ ዝም ብለው ቀሩ እንጂ። የሚኖሩት በረጅሙ ቤት ጫፍ ላይ በጭቃ ግድግዳ በተከፈለች ክፍል ነው። አገሬው ተሰብስቦ ስለ ሙዚየሙ ሲመክር የጠየቁት እስኪሞቱ ድረስ ከዚያች ክፍል እንዳይወጡ ብቻ ነበር። ተፈቀደላቸው፤ አማከለችም በንድፉ ላይ ክፍሏን በቀይ ከብባ “የማይነካ” ብላ ጻፈችባት።

ሙዚየም ነድፋ አታውቅም። በስልኳ የሌላ አገር ሙዚየሞችን ፎቶ እያየች፣ በካሬ ወረቀት ላይ እየሳለችና እየፋቀች ተማረች። ቅኔ ማኅሌቱ በነበረው የክቡ ሕንፃ የውጭ ዙሪያ፣ ጎብኚው እየዞረ ከቆላ ወደ ውርጭ እንዲወጣ አሰበች፦ መጀመሪያ የመርሐቤቴ ቆላ ዛፎች፣ ቀጥሎ የገብሱ አገር፣ ከዚያ ጓሳ ሣሩና ረጅሙ የውርጭ ተክል ጅብራ፣ መጨረሻ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ። በረጅሙ ቤት የሰው ታሪክ ይሆናል፤ ከሱፍ የተሸመነው ባና፣ የሱፍ መፍተያው፣ የብራና መፋቂያው። በክቡ ሕንፃ መሐል፣ መቅደሱ ውስጥ ደግሞ የተራራው ቅርጽ ከጂፕሰም ተሠርቶ፣ በመስታወት ተሸፍኖ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጎብኚ አይገባም፤ ከበሩ ቆሞ ያያል።

አባ ይህን ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና “ተራራውም የእጁ ሥራ ነው፤ ይግባ” አሉ።

ሁሉንም ራሷ ለካች፤ መቅደሱ ሲቀር። የሙዚየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ በዕውቀቱ የታሪክ መምህር ነው፤ ወጣትና ችኩል።

“እትዬ፣ ታቦቱ እኮ የለም። ገብተው ይለኩት” አላት።

“አልገባም።”

“ታዲያ በጸሎት ሊለካ ነው?”

“አንተ በጾም ቀን ሥጋ ብላ ብትባል ዛሬ የሚያይህ የለም ብለህ ትበላለህ?”

“ትምህርት ቤት ከሆንኩ ልበላ እችላለሁ” አለ በዕውቀቱ ሳቅ እያለ፤ ከዚያ በላይ ግን አልገፋም።

“እኔ እለካዋለሁ” አሉ አባ ገብረየሱስ። ሜትሩን ስትሰጣቸው ገለባብጠው አዩትና መለሱላት። “ይህን ጥብጣብ አላውቅበትም። ክንዴ ይበቃኛል።” ገብተው ቆዩ። ሲወጡ “አሥር ክንድ፤ በየትኛውም ወገን አሥር” አሉ። አማከለች አምስት ሜትር ብላ ጻፈች። ገበሬ በክንድ ሲነግራት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በግማሽ ሜትር ስትመነዝር ኖራለች፤ እጇ ሳያስብ ጻፈው። ጠረጴዛውም አራት ሜትር ከአርባ ሆኖ ለደብረ ብርሃኑ አናጢ ለዮፍታሄ ታዘዘ።

በሚያዝያ መጨረሻ ዮፍታሄ ጠረጴዛውን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ስምንት ሰው ተሸክሞ፣ አባ ከፊት እየመሩ፣ በመቅደሱ በር አስገቡት። ፊቱ የወዲያኛውን ግድግዳ ሲነካ ጅራቱ ገና ከበሩ ውጭ ነበር።

“ግፉት” አለ በዕውቀቱ።

“ወዴት ልግፋው፣ ወደ ሰማይ?” አለ ዮፍታሄ። “ጌታው፣ ክፍሉ አልቋል።”

“በሰያፍ ቢገባስ?”

“ሰያፍም አይወስደውም። መቁረጥ ካሰባችሁ ደግሞ ብረቱ አንድ፣ መስታወቱ አንድ፣ ጂፕሰሙም አንድ ነው። ብቆርጠው መንዝ ለሁለት ይሰነጠቃል።”

ሰዎቹ ሳቁ። አማከለች አልሳቀችም። አባ ትንፋሽ ለመውሰድ እጃቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ነበርና ያን ጊዜ አየችው። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት አጥፏቸው ከመዳፋቸው ጋር ተጣብቀዋል። የሳቸው ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አልነበረም፤ እስከ ጭብጣቸው ነበር። ክርናቸውንና ጭብጣቸውን በሜትር ለካች። ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር። መቅደሱ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ነው ማለት ነው። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ መስቀል የተሳለመችው ከዚያ እጅ ነበር፤ ስታየው ኖራ አላየችውም።

“አባ፣ ስህተቱ የኔ ነው” አለች።

“አጭር መሆኔን ገና ዛሬ አየሽው?” አሉ አባ።

በዕውቀቱ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ለምርቃቱ የሚጠበቁት እንግዶች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይመጣሉ፤ ጥሪው ተልኳል። በወዲያኛው ወገን የመቅደሱ ግድግዳ ሜትር ያህል ተከፍቶ ጠረጴዛው ይለፍ አለ። “ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በኋላ እንለስነዋለን።”

አባ ወደ ግድግዳው አዩ። “ሜሮን የተቀባ ነው” አሉ። ወጥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ በሩንም ዘጉ።

“እስከ ሰኞ ሌላ መላ ካመጡ ይሁን” አላት በዕውቀቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እትዬ።”

አማከለች ቅዳሜን ስትለካ ዋለች። ግቢው ዝናብ ይመታዋል። የቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ጠባብና ጠማማ ነው። ረጅሙ ቤት ብቻ ነበር የሚሆነው፤ እሱም የታሪኩ ሣጥኖች ገብተውበት፣ ሰው የሚያልፍበት ሲቀነስ፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ይጎድለዋል። አራት ጊዜ ለካችው። አራቱንም ጊዜ ሜትሯ ያቆመው ከአባ የጭቃ ግድግዳ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ክፍል ርዝመቷ ሁለት ሜትር ከአሥር መሆኑን ሳትለካትም ታውቃለች፤ በንድፉ ላይ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለማንም ላለመናገር ወሰነች፤ ሰኞ የመቅደሱ ግድግዳ ሲከፈት ቆማ ታያለች፤ ከዚያ ስሟ ከንድፉ ላይ ይሰረዝላት ዘንድ ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ ስታስብ ልቧ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። የሌላ ሰው ማሳ የምትለካ ያህል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ሰው ልከው አስጠሯት። ከክፍላቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

“ትናንት ግድግዳዬን አራት ጊዜ መታሽው። ስንት ጎደለሽ?”

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

“ልጄ፣ መነኩሴ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። ስንት?”

“ሁለት ሜትር ከአሥር።”

“በኔ ክንድ?”

አሰበች። “አምስት ክንድ ተኩል።”

“ይኸው፣ ክፍሌ ናት።” ራሳቸውን ነቀነቁ። “አርባ አንድ ዓመት ጸልዬባታለሁ። ግን ሜሮን አልተቀባችም። ጭቃዋን ያቦካሁት እኔ፣ የመረግኋት እኔ። አፍርሷት።”

“እስኪሞቱ ተብሎ ተፈቅዶልዎታል፣ አባ። ሰው ሁሉ መስክሯል።”

“ሰው ሁሉ የመሰከረው እንዳልወጣ እንጂ እንዳልሰጥ አይደለም። የበሩ ቤት ምን ሊሆን ነበር?”

“ቲኬት መሸጫ።”

“እዚያ እገባለሁ። ቲኬቱንም እኔ እሰጣለሁ። ገንዘብ ግን አልነካም፤ የሚነካ ሰው አስቀምጡ።” ቀና ብለው አዩዋት። “ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚገባው?”

“በምሥራቅ። መስኮቱን እደፍነዋለሁ።”

“ግማሹን ብቻ። ጠዋት ብርሃን ያስፈልገኛል።”

ሰኞ በዕውቀቱ ነገሩን ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አስወጣቸው እንዳይባል ፈርቶ ሁለት ጊዜ አባን ጠየቃቸው፤ ሁለት ጊዜም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡት። የአባ ዕቃ በአንድ ጉዞ አለቀ፤ ጠፍር አልጋ፣ አንድ ባና፣ ዳዊት፣ የውኃ ጀሪካን። አማከለች አልጋውን ከዮፍታሄ ጋር ተሸከመች። የጭቃው ግድግዳ በግማሽ ሰዓት ፈረሰ፤ አባ አቧራው እስኪቀመጥ ቆመው አዩትና ወደ አዲሱ ቤታቸው ሄዱ። ጠረጴዛው ገባ፤ ሰው የሚያልፍበትም ተረፈ። አማከለች በንድፉ ላይ ቀዩን ክብ ፋቀች፤ በበሩ ቤት ላይ ሌላ ክብ አድርጋ “የአባ ገብረየሱስ መኖሪያ” ብላ ጻፈች።

መቅደሱ ባዶውን ተዘጋ። ለበሩ ጽሑፍ ሲያስፈልግ ሰሌዳውን ራሷ ቀለም ቀብታ “መቅደስ። መግባት ክልክል ነው” ብላ ጻፈችና ለአባ አሳየቻቸው።

ቀስ ብለው አነበቡት። “ሁለተኛውን ተይው” አሉ። “የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቅም በሩ እንደተዘጋ ያያል።”

ብሩሹን ነክራ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሸፈነችው። ቀለሙ እስኪደርቅ አባ ከጎኗ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ስለ ባለቤቷ ስለ ቅጣው ጠየቋት፤ በምን ታሞ እንደሞተ፣ ፍትሐቱ የት እንደተደረገ። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ለሰው ስትነግር የመጀመሪያዋ ነበር። አላለቀሰችም፤ ግን እስከ መጨረሻው ተናገረችው፤ ሰሌዳውም እስከዚያ ደረቀ።