«እለፍ!» የሚሉበት ስንኝ

አጎታችን ከተለዩን ዓመት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ ሸክላዎቻቸውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ዘፈኖቹን ለዘመድ ሁሉ በስልክ ላከ። ዘመድም አመሰገነው። እኔ አላመሰገንሁትም።

አጎታችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሸክላ የተጫረ ስለ ነበር፣ መርፌው ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ላይ ተይዞ ያንኑ ይደጋግም ነበር። ደባርቅ ባለው ቤታቸው ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ጥቂት ይታገሡትና የማጫወቻውን ሣጥን በጣታቸው መታ አድርገው፣ «እለፍ እንጂ፣ አንተ ግትር!» ይሉታል። መርፌው ያልፋል፤ እኛም እንስቃለን።

ወንድሜ በላከው ዘፈን ግን ስንኙ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ጉድለቱን እኮ ቆርጬ አወጣሁት» አለኝ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው።

«ቆርጠህ ያወጣኸው እርሳቸውን ነው። ሸክላውን አምጣ!» አልሁት።

ተቀብዬ በገዛ ቤቴ እንደገና መቅዳት ጀመርሁ። መርፌው እዚያው ስንኝ ላይ ሲደርስ ተያዘ። እጄን ከሣጥኑ አራቅሁ። «እለፍ!» የሚሉት በሌሉበት ስንኙ እየተመላለሰ ተቀዳ። እንዲሁ እንዳለ ለዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ፤ የሰለቸው ያጥፋው።