የአዳዳ አመድና የጋሽ ላቀው አልማዝ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሶሬቲ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ ከሳሙናውና ከስኳሩ ጋር የሐኪም መርፌ የሚመስል፣ በውስጡ ቢጫ ቅባት ያለበት ነገር ይዛልኝ መጣች። የአልማዝ ቅባት ነው አለችኝ፤ አልማዝ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በዘይት ተለውሶ የሚሸጥ፣ የተጫረ መስተዋትና የደበዘዘ ብረት እንደ አዲስ የሚያደርግ። ልጅቱ ደግ ናት፤ መጻሕፍቴ ወዲያና ወዲህ እየተጎተቱ የጫሩትን የጠረጴዛዬን መስተዋት አይታ አዝናልኝ ኖሯል። ነገር ግን ክዳኑን ነቅላ፣ ቅባቱን በአንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ስታቀጥነው፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ ጥርሴን አስነከሰኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀራል ይባላል። እኔ ተናደድሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የነገሩ ባለቤቶች ሁሉ አፈር ከሆኑ በኋላ፣ እንደ ትናንት አድርጎ አናደደኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ከኑኑ ቁምባ ይዞኝ የወጣው በክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር፤ የማር ገንቦ በትከሻው፣ እኔ በኋላው፣ ጭቃውን በእግራችን እያቦካን አኖ ደርሰን፣ እዚያ ጨው የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ነቀምቴ ገባን። ያረፍነው እህቱ ቤት ነው። በእኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቼላት አላውቅም። አዳዳ ያገባችው አቶ ይፍሩን፣ ከሸዋ የመጣውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ስምምነቱ የማሩ ገንቦ በመካከል ተቀምጦ ተነገረ፤ እኔ ቤት ላግዝ፣ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ልግባ። ያኔውኑም ለአንደኛ ክፍል ረዝሜ ነበር። አባቴ ሊሄድ ሲነሣ ራሴን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ኢንተላ ኮ፣ በረዹ" አለኝ፤ ልጄ፣ ተማሪ ማለቱ ነው። ሌላ ምክር አልጨመረበትም፤ እኔም ሌላ አልጠበቅሁም።

በዚያ ቤት ከሰውም ከከብትም በላይ የሚከበር አንድ ነገር ነበር፤ የአቶ ይፍሩ ጠረጴዛ። ላዩ ወፍራም መስተዋት ለብሷል። ከመስተዋቱ ሥር፣ አቶ ይፍሩ ከአንድ ትልቅ ሹም ትከሻ ኋላ በግማሽ ፊቱ ብቅ ያለበት ፎቶግራፍና፣ በታማኝነት ስለ ማገልገሉ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ተዘርግተዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ ያነብለታል፤ መጀመሪያ የመጣ እንግዳ ያደንቃል፣ ሁለተኛ የመጣ ጣሪያውን ያያል። እኔ ግን በር ጥግ ቆሜ በቃሌ ያዝሁት፤ ጠዋት ጠዋትም መስተዋቱን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ስወለውል፣ እሱ በሄደበት በጣቴ እየተከተልሁ የትኛው ቅርጽ የትኛው ድምፅ እንደ ሆነ ለየሁ። "ታማኝ" የሚለውን ቃል ያወቅሁት የፊደል ገበታ ሳላይ ነው።

አዳዳ ደግሞ በአመዷ የታወቀች ነበረች። የወይራ እንጨት አመድ ታጠራቅማለች፤ በዱቄት ወንፊት ትነፋዋለች፤ በክዳን ታስቀምጠዋለች። ብረት ድስቱ፣ የነሐስ ሰሐኑ፣ የፋኖሱ ብርጭቆ ሳይቀር በግራዋ ቅጠልና በዚያ አመድ ታሽቶ እንደ ጨረቃ ሲያበራ፣ የሰፈራችን የጨለለቂ ሴቶች ጣሳ እየያዙ "አዴ፣ እስቲ ከአመድሽ" እያሉ ይመጡባት ነበር። በአመድ ያልታሸ ነገር ለእሷ የጸዳ አልነበረም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እኔ ከነጋ ጀምሮ ወንዝ ልብስ ሳጥብ ዋልሁ። ስመለስ ቤቱ በሙሉ ታጥቧል፤ ጠረጴዛውም እርጥብ ነው፣ ያበራል። ከዚያ ደረቀ። ሲደርቅ ከመስተዋቱ ውስጥ ጭጋግ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ክብ በክብ ላይ የተሳሰረ ነጭ ጭረት፣ ከዳር እስከ ዳር፤ የአቶ ይፍሩ ግማሽ ፊትም ከነአካቴው ጠፋ፣ ሹሙ ብቻውን ቀረ። አዳዳ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው፣ በትንፋሿ ብታሞቀው፣ ወይ ፍንክች። ማታ ባሏ ገብቶ አየና፣ "ይህን ማን አደረገው?" አለ። አዳዳ እጆቿን እያየች፣ "ወርቂቱ ናት" አለች። ስሜን እንደዚያ በቀስታ ጠርታው አታውቅም።

"እኔ ወንዝ ነበርሁ" አልሁ።

"አዋቂ ሲናገር ልጅ አይመልስም" አለኝ አቶ ይፍሩ። "መስተዋት ያላከበረች ደብተር ታከብራለች? ይህ መስተዋት ወደ ነበረበት ሳይመለስ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳልሰማ።"

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውዬው ጧት ማታ የሚውለው የምስክር ቃል ሲጽፍ ነው። ስለ አንዲት ጥጃ የሦስት መንደር ሰው ሲምል፣ የአንዱንም ቃል ሳይዘል በቀይና በጥቁር ቀለም ያሰፍራል። በእኔ ላይ ግን አንድ ምስክር አልጠራም። ያጠብሁት የራሱ ሸሚዝ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ እሱን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ከበዓሉ በኋላ አዳዳ ጋሽ ላቀውን አስጠራችው። ጋሽ ላቀው ገበያው ዳር ሰዓት የሚሠራ ጎጃሜ ነው፤ የሚያወራው ከሚሠራው የሚበልጥ። የሰዓት መስተዋት የሚወለውልበትን ቅባት የያዙ፣ ሦስት ጣት የማይሞሉ ቆርቆሮዎች ነበሩት፤ አንዷ ሻካራ፣ አንዷ መካከለኛ፣ አንዷ ልም። በጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ደረደራቸው።

"አልማዝ ነው፣ እመቤቴ። ከዘውድ ላይ ካለው ጋር አንድ ዘር ነው።"

"አልማዝ ፈጭቶ ጠረጴዛ የሚቀባ ሰው ጤና የለውም" አለች አዳዳ። "ለሚስትህ ቀለበት አታሠራላትም?"

"ሚስቴን ቢያዩአት ኖሮ፣ ለጠረጴዛው ይሻላል ይሉ ነበር።"

አዳዳ ልትስቅ ብላ ተወችው። እሱም የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለና፣ "በምን ቢያሹት ነው እንዲህ የተፋቀው? የወንዝ አሸዋ ነው?" አለ።

እዚህ ላይ አዳዳን ማወቅ ያስፈልጋል። ባሏን ትፈራለች፣ የሰው ዓይን ትፈራለች፤ አመዷን ግን ሰው እንዲነካባት አትወድም።

"አሸዋ አልህ? የወይራ አመድ ነው። በገዛ እጄ ሁለቴ ነፍቼ፣ በገዛ እጄ ያሸሁት። የእኔ አመድ ድንጋይ የለበትም።"

አቶ ይፍሩ ለምሳ ገብቶ በሩ ላይ ካፖርቱን እያወለቀ ነበር። አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አዳዳ ዞር ስትል አየችውና አፏን በመዳፏ ያዘች፤ "ዋቃዮ" ስትል ሰማኋት፣ ፈጣሪዬ ማለቷ ነው። ጋሽ ላቀው ከመነጽሩ ቀና አላለም። እኔ ጠበቅሁ። እውነቱ በገዛ አፏ፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይቀራል ብዬ ጠበቅሁ። አቶ ይፍሩ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምሳ ቀርቧል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ "መቼም አንዴ እሷ ናት ተብሏል፤ እሷው ታድሰው" አለ።

እኔው አደስሁት። ጋሽ ላቀው ሥራውን አሳይቶኝ ወደ ሰዓቶቹ ሄደ፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቅባት፣ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከአሮጌ የሱፍ ባርኔጣ የተቆረጠ መወልወያ። ከሻካራው ጀምረሽ ወደ ልሙ ውረጂ፤ ለየቅባቱ የየራሱ ጨርቅ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፊ መስተዋቱንም እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ፤ አንዲት ሻካራ ቅንጣት ወደ ልሙ ከገባች የሠራሽውን ሁሉ መልሳ ታበላሸዋለች። እኔም አንዲት ቅንጣት አላሳለፍሁም። ዛሬ ጽሑፍ ሳርም ሰዎች ሙጭጭ ትላለች የሚሉኝ ከዚያ ያመጣሁት ልማድ ይሆናል። ጧት የትምህርት ቤቱ ልጆች በአጥሩ ሥር እየተንጫጩ ሲያልፉ እኔ ከመስተዋቱ ላይ ጎንበስ ብዬ አሻለሁ፤ ቀትር ላይ ፊደሉን በዜማ እየጮሁ ሲመለሱ አሁንም አሻለሁ፤ ከእጄ ሥር ደግሞ "ታማኝ" የሚለው ቃል ቀስ በቀስ እየጠራ ይመጣል። ትከሻዬ ቆሰለ፣ ጣቶቼ ዘይት ዘይት ሸተቱ። አንዲት ነገር ብቻ በልቤ ወሰንሁ፤ ዳንቴልና ፋኖስ የሚቀመጡባትን አንዷን ጥግ አልነካትም።

መስተዋቱ ጠራ። በማግስቱ ታጥቤ፣ ያለችኝን ቀሚስ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ለከርሞ ነይ ተባልሁ። ለከርሞ አዳዳ ወለደች፤ በሚቀጥለው ልጁ ታመመ፤ ከዚያም ወዲያ ሁልጊዜ አንድ የሚወለወል ነገር አይጠፋም ነበር። አባቴ ሰምቶ ተቆጥቶ መጥቶ በገዛ እጁ ባስመዘገበኝ ጊዜ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች እግራቸው መሬት አይደርስም፤ እኔ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። አክስቴ እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ከክፉ ልብ አልነበረም፣ መስያቸው ነው። አቶ ይፍሩ ግን ለእንግዶቹ መስተዋቱን እያሳየ፣ "የላቀው አልማዝ ነው" ይል ነበር።

አዳዳ በእርጅናዋ ጠረጴዛውን ለእኔ ተናዘዘችልኝ። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ፣ "ማል ጎና፣ ወርቂቱ፣ ፈራሁት" አለችኝ፤ ምን እናድርግ ማለቷ ነው። እንደፈራችው አውቃለሁ። ግን እሷ ትልቅ ሰው ነበረች፣ እኔ ልጅ፤ የሷን ፍርሃት እኔ የተሸከምሁት በትምህርቴ ነው። እንደምወዳት ነገርኋት፤ ውሸት አልነበረም። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኋትም፤ እሱም ውሸት አይደለም።

ሶሬቲ ጎበዝ ናት፤ መጻሕፍቴ የጫሩትን ሁሉ አጠፋችው። በመጨረሻ ዳንቴሉን አንሥታ ጥጓን አየችና ቅባቱን ልታስነካት ስትል እጇን ያዝሁ።

"ይህችማ ዋናዋ ናት፣ አክስቴ፤ ሙሉ በሙሉ ተፍቃለች እኮ።"

"እሷን ተያት። ምስክሬ ናት።"

ጎንበስ ብላ ጭረቱን በጣቷ ተከተለችው። "ክብ ክብ ነው" አለች።

"አዎ" አልኋት። "የአዳዳ እጅ ነው።"

ዳንቴሉን ልትመልሰው ስትል ተቀበልኋትና አጣጥፌ መሳቢያው ውስጥ ከተትሁት።