ለአርባ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

እንጅባራ ውስጥ በማስተምርበት ኮሌጅ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡበት አንድ ክፍል አለ። ክፍለ ጊዜ ከሌለኝ እዚያ እቀመጣለሁ። አብዛኞቹ የሚመጡት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለመሄድ ነው፤ «መምህር፣ ያርሙልኝና ከሰዓት እወስደዋለሁ» ይሉኛል። እኔ ግን ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ጆሮ ይጎረብጣቸዋል። አልጽፍላቸውም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። በዚህ ቅር ብሏቸው የሚቀሩ አሉ።

ሰኔ ሲገባ ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ይዛ የመጣችው የክፍል ሥራ አልነበረም። ታላቅ እህቷ በወሊድ ሞታባታለች። ቀብሩ በድንጋጤ ስላለፈ፣ ለአርባዋ የሕይወት ታሪኳ እንዲነበብ ቤተሰቡ ወስኗል። ከቤቱ የተማረች እሷ ብቻ ስለሆነች መጻፉ በእሷ ላይ ወደቀ።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

ተወለደች፣ አገባች፣ አረፈች። ከዚያ ብዙም አያልፍም።

«ሌላ ምን ልጻፍ፣ መምህር?» አለች። «ትምህርት ቤት አልገባች፣ ሥራ አልያዘች። ሲነበብ የምሰማው የሰው ዲግሪና ሹመት ነው። እርስዎ ያውቁበታል፤ አሳምረው ይጻፉልኝ።»

ሐዘንተኛ ፊት እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ከባድ ነው። ግን እህቷን አላውቃትም። እኔ ብጽፈው ለማንም ሟች የሚነበብ ነገር ነበር የሚወጣኝ።

«ስትስቅ እንዴት ነበረች?» ብዬ ጠየቅኳት።

አፏን በመዳፏ ሸፈነችና አሳየችኝ፤ የእህቷ የፊት ጥርስ የተሸረፈ ስለነበር ስትስቅ እንዲህ ታደርግ ነበር። እጇን ከአፏ ሳታወርድ ማልቀስ ጀመረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ስላልቻልን ጠበቅን።

ሲያባራ መጻፍ ጀመረች። እህቷ ድንች ተሸክማ ገበያ እየወጣች እንዳስተማረቻት ጻፈች። በአካባቢው ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እህቷ እንደነበረችም ጻፈች። እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ።

«ሙሾው በአዊኛ ነው። በአማርኛ ሳደርገው የሷ አይመስልም።»

«እንግዲያው በአዊኛ ተይው» አልኳት።

ለአርባው በሚኒባስ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ቆማ አነበበች። ከጥሊሊ ከተማ የመጡት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እናትየው ግን አማርኛ ስለማይሰሙ የልጃቸውን አፍ ብቻ ያዩ ነበር። ሙሾው ጋ ስትደርስ በአዊኛ አለችው። እናትየው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ስንኙን ተቀብለው ደገሙት። የቀረውን ማንበብ አልቻለችም። አጎቷ ወረቀቱን ተቀብሎ ጨረሰላት።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር አላየኋትም። ደወልኩላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለችኝ። «እናቴ አቅም የላትም። የሕፃኗ አባትም ሥራ ፍለጋ መተማ ወርዷል። ለዚህ ዓመት ብቻ ነው፣ መምህር። ለከርሞ እመለሳለሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ለከርሞም እንደማትመጣ ይሰማ ነበር። ሌሎችን እንደምጠይቃቸው አንድ ነገር ልጠይቃት ፈለግኩ፤ የሚጠየቅ አጣሁ። «በርቺ» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።