ሞሪንን ዳንደኖንግ ያደረስኩበት ጉዞ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤቴ የወጣሁት አንዲት እንግሊዛዊት ዘፋኝ ለሦስት ቀን በየክለቡ ላመላልስ ነው። ሥራዬ ሚኒባስ መንዳት ነው። ሙሽራም፣ ቱሪስትም፣ ቀብር የሚሄድ ቤተ ዘመድም ጭኛለሁ፤ ዘፋኝ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እኛ ቤት ከመዝሙር በቀር አይከፈትም። ነቀምት ሳድግ ዜናው እንዳለቀ አባቴ ሬዲዮኑን ይዘጋው ነበር፤ ሜልበርን ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የምዘጋው እኔ ነኝ። ስለዚህ የሴትዮዋን ስም ሲነግሩኝ ምንም አልመጣልኝም። እዚህ ሞሪን ብያታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟን መጻፍ አልፈለግሁም።

መሃል ከተማ ካረፈችበት ሆቴል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን ወርቅማ ተቀብታለች፣ በዕድሜ ለእናቴ ትቀርባለች። ሰላም ብላት ዝም አለችኝ፤ ትንሽ ቅር አለኝ። ወዲያው ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ይቅርታ፣ መናገር ተከልክያለሁ። ሞሪን በለኝ" ብላ ጽፋለች። የድምፅ ጅማቷ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበርና ሐኪሟ ከመድረክ ውጭ ቃል እንዳትተነፍስ አዟታል። ሹክሹክታ እንኳ አይፈቀድም።

ዓርብ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ

የመጀመሪያው ዝግጅት እኔው ሰፈር ነበር። ዌስት ጌት ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ስንንፏቀቅ እሷ በመስኮት ወደቡን ታያለች፣ እኔ ዝምታው ሲከብደኝ ስለ አየሩም ስለ ቤት ኪራዩም እቀባጥራለሁ። በራስ ንቅናቄ ትመልስልኛለች።

ክለቡ ከሾፒንግ ሴንተሩ አለፍ ብሎ ነው። በአንድ በኩል የቁማር ማሽን፣ በሌላው ምግብ ቤት፣ ጀርባው ላይ ትንሽ መድረክ። ሃያ ስምንት ዶላር የሚሸጥ በቺዝ የተሸፈነ የዶሮ ጥብስ እየበሉ የሚጠብቋት በአብዛኛው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። አራት ዘፈን ብቻ ዘፈነች። ከኋላ ቆሜ ሰማኋት፤ መስማት አልነበረብኝም፣ ግን ሰማሁ። የምትለው ተራ የፍቅር ነገር ነው፤ ድምፁ ግን ልመና ነበር። ሻካራ፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ ልመና። ስትወርድ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ሳትስቅ ወደ መኪናው ገባች።

ቅዳሜ፣ ሴንት አልባንስ

ቅዳሜ ቀትር ላይ ባላራት ሮድን ይዘን ሴንት አልባንስ ገባን። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ የቬትናሞች ምግብ ቤት የበሬ ሾርባ አዘዝን፤ ሳህኑ አሥራ ስድስት ዶላር ነው፣ ለሁለት ይበቃል። ትኩስ ነገር ለጉሮሮዋ ደግ ነው። ሾርባው እስኪበርድ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ። ታሪኳን ያወቅሁት እንዲህ ነው።

የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ልጅ ናት። ገና ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ዘፈኗ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣች፣ ነጭ ሆና ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ትዘፍናለች ተብላ ተደነቀች። ቀጥሎ የሰዉ ጆሮ ወደ ሌላ ሙዚቃ ሄደ። የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈነች፣ በመዝናኛ መርከብ ላይ ዘፈነች፣ አሁን ደግሞ የክለብ ምሳ ማወራረጃ ሆናለች። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ጽፋ ሳቀች፤ ያለ ድምፅ መሳቅ ያስፈራል።

በመሃሉ አንድ የሜልበርን ሰው አግብታ ካረን የምትባል ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ ገና አፏን ስትፈታ እሷ ለአጭር ጊዜ ብላ ለዝግጅት ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ አንዱ ሥራ ሌላውን እየጎተተ በዚያው ቀረች። ካረንን አባቷ አሳደጋት። ዛሬ ዳንደኖንግ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ትሠራለች። እናቷን መድረክ ላይ ላታይ ምላ ኖራ፣ ባለፈው ወር ግን "እሑድ ዳንደኖንግ ከሆነ፣ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ እመጣለሁ" ብላ ጻፈችላት። ሞሪን ይህን መልእክት ሁለት ጊዜ አሳየችኝ።

ከዚያ "ዛሬ አልዘፍንም። ያለችኝን ትንሽ ድምፅ ለነገ አስቀምጣለሁ" ብላ ጻፈች። አስተዳዳሪዋ ከለንደን ደውሎ ጮኸባት። መመለስ ስለማትችል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሰውዬው እስኪደክመው ሾርባዋን ጠጣች። የዕለቱ ዝግጅት የነበረበት ክለብ ስንሄድ በዘፈኗ ፈንታ የድሮ ሲዲዋን ከፈቱ፤ እሷም ከድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጣ የራሷን ወጣትነት እየሰማች ለሦስት አራት ሰው ፈረመች።

ማታ ለባለቤቴ ለጫልቱ ነገርኳት። ጫልቱ ለእትዬ አስቴር ነገረች። እትዬ አስቴር የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ከሳቸው ወዲያ ያላወቀ ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ የጸሎት ርዕስ እንደ ወሬ አይቆጠርም።

እሑድ፣ ዳንደኖንግ

ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ነው። የእኛም አምልኮ ዳንደኖንግ በተከራየነው አዳራሽ ስለሆነ፣ አምልኮ እንዳይቀርብኝ ሞሪን ራሷ "ቀድመን እንሂድ፤ ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን እዘምር ነበር። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ" ብላ ጻፈች። ደስ አለኝ። ሞናሽ ፍሪዌይ እሑድ ጠዋት ባዶ ነው፣ እንደ ልብ ነዳሁ።

ስብከቱ ሲያበቃ ፓስተሩ ወደ ፊት ጠራት። እትዬ አስቴር እጃቸውን ጉሮሮዋ ላይ ጫኑ፣ እኛም ጮኸን ጸለይን። ሞሪን አለቀሰች። ማንም ለድምፅዋ እንዲህ የተጨነቀላት አይመስለኝም።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ጉባኤ የተጸለየለት ሰው እንዲሁ አይቀመጥም፤ ያቃተውን ነገር እዚያው በእምነት ያደርጋል። ወገቡን የታመመ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ጉልበቱን የታመመ ይዘላል። እኔም ዘልዬ አውቃለሁ።

"ልጄ፣ ንገራት እንጂ። የተቀበለችውን በአፏ ትመስክር፤ ትዘምር" አሉኝ እትዬ አስቴር።

ተረጎምኩላት። ሞሪን በጣቷ ጉሮሮዋን፣ ቀጥላ የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ሐኪሙ ከልክሏታል፣ ልጇም ትጠብቃታለች ብዬ ለእትዬ አስቴር ለመመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ግን አምኜ ነበር። "ግድ የለም፣ ድነሻል" አልኳት።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። እንዲያ ከተጠበቀች ብዙ ዘመን የሆናት ይመስለኛል፤ ፊቷ ተለወጠ። አፏን ከፈተች። የልጅነቷን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘመረች፣ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ዜማውን እየፈለገ ደረሰባት። ዓርብ የሰማሁት ስንጥቅ አልነበረም፤ ሙሉ፣ ሞቅ ያለ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነው። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጫልቱ በስልኳ ቀረጸችው፤ ሳንወጣ ለእኔም ላከችልኝ።

ክለቡ ስንደርስ ካረን ከፊት ተቀምጣ ነበር። የሥራ ጃኬቷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች። ሙዚቃው ጀመረ። ሞሪን ወደ ማይኩ ተጠግታ አፏን ከፈተች፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። ሙዚቃውን አስቁመው እንደገና ጀመሩት። አንዴ እንደ ሲቃ ያለ ነገር ወጣ፣ ከዚያ ምንም። ከኋላ አንድ ሰው ሊያበረታታት አጨበጨበ፣ ያም ባሰባት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ካረንን እያየች ቆመች፣ መጋረጃው እስኪዘጋ።

ካረንን መኪና ማቆሚያው ላይ ደረስኩባት። ላጽናናት ፈልጌ ነበር፤ እናትሽ እውነት ትችላለች፣ ስሚ ብዬ ቪዲዮውን ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

"መቼ ነው ይሄ?" አለችኝ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"ሰዎቹን ታውቃቸዋለች?"

"አታውቃቸውም።"

ስልኬን መለሰችልኝ። "እኔ ስጠብቅ ሁሌ እንዲህ ነው" አለችና መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ወደ ሆቴሉ ስንመለስ ሞሪን ስልኳን በትከሻዬ በኩል ዘረጋችልኝ፤ "ካረን ምን አለች?" ይላል። ቀይ መብራት ላይ ነበርኩ። "ድምፅሽን ሰምታለች" አልኳት። ያልገባት መሰለኝ፣ ግን ትከሻዬን ነካ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ውሸት አይደለም። ሆኖም ከዚያ የከፋ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ቤት

ቤቴ ስደርስ ገና አልመሸም። ሰው ከጉዞ ምን ተማርክ ሲባል አንድ ነገር ይናገራል። እኔ የተማርኩት ደግ አስቦ ሰው መጉዳት እንደሚቻል ነው፤ ባላውቀው በመረጥኩ። ልጆቼ ሳሎን ውስጥ መዝሙሩን ደጋግመው ከፍተው በእንግሊዝኛ ያደንቃሉ። ዝጉት አልኳቸው።

እትዬ አስቴር ደወሉ። ቪዲዮው አዲስ አበባ መድረሱን፣ ሰዉ እያለቀሰ መሆኑን ነገሩኝ። "የፊታችን እሑድ አንተ ነህ የምትመሰክረው" አሉ።

"እትዬ፣ ክለቡ ውስጥ አልዘፈነችም" አልኳቸው። "ድምፅ አልወጣትም። ለልጇ ያስቀመጠችውን ጠዋት እኛ ጨረስነው።"

እሳቸውም "እንግዲያውስ አሁኑኑ እንጸልይላት" አሉና ጀመሩ። እስኪጨርሱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኋቸው። አሜን ግን አላልኩም።