አንተ ቅደም

ታከለ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ በእንቢተኛነት ተቀጣ። ይህን የሰማ፣ በእስራኤል ቤርሼባ የሽኩና ጊሜል ሰፈር ሰው በመጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል። ታከለን እንቢተኛ ማለት በግን ተናካሽ ነው ብሎ መክሰስ ነውና። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሉት ሠርቷል፤ በበዓል ዋዜማ ና ሲሉት መጥቷል፤ በመጨረሻም ፋብሪካው ሊዘጋ ነውና ሂድ ሲሉት ሄዷል። እንዲያውም ማሽኖቹ ጉልበት ወደሚረክስበት አገር በመርከብ ሲጫኑ፣ እንዳይጫጫሩ ሸራ አልብሶ በገመድ ያሰራቸው እሱ ነው። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ሠራተኛ ነህ» አለው። ሥራው ግን ከማሽኖቹ ጋር ተጭኖ ሄደ።

ከዚያ የሥራ አጥ አበሉ ጊዜው አለቀ። የቀረው መንግሥት ምንም ገቢ ለሌለው ሰው የሚሰጠው ድጎማ ነበር። እሱም ቢሆን ዝም ተብሎ አይበላም። በየማክሰኞው ሊሽካ፣ ማለትም ሥራ አጦች የሚፈርሙበት ቢሮ ሄዶ መሰለፍና «ዛሬም ሥራ የለኝም» ብሎ መፈረም ያስፈልጋል። ሥራ ተገኝቶለት እንቢ ያለ ሰው የሁለት ወር ድጎማው ይቆረጣል። ሕጉ በአራት ቋንቋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አማርኛውን ማን እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው፤ ከዕብራይስጡ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ. በጋ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት በአንዱ ማክሰኞ፣ ታከለ ተራው ደርሶ ሊአት ፊት ተቀመጠ። ሊአት ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ጸሐፊ ናት። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ክፉ ለመሆንም ጊዜ ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ለአንድ ሰው ያላት አራት ደቂቃ ነው።

«ታከለ፣ ሥራ አለ» አለችው ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። «ዖሜር፣ የግል ቤቶች አትክልት መንከባከብ። ትፈልጋለህ?»

የታከለ ልብ ዘለለች። ዖሜር ከቤርሼባ አፍንጫ ሥር ናት። እዚያ ሣሩ በበረሃ መካከል ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ መሬት መቆፈር ደግሞ ታከለ ከማንም ተምሮ የሚያውቀው ሥራ አይደለም፣ አብሮት ያደገ ነው። ስምንት ወር የጠበቃት ቃል ይህች ነበረች።

ግን አስተዳደግ የሚባል ነገር አለ። ጨዋ ሰው ሲሰጡት ዘሎ አይዝም። ማዕድ ሲቀርብ «ጠግቤአለሁ» ይላል። «እንዴት ተደርጎ!» ይሉታል። «ኧረ በቃኝ» ይላል። «በሞቴ!» ይሉታል። እጁን የሚሰደው ያኔ ነው። በዚያ ላይ ከኋላው የቆመው ፈለቀ ነበር፤ የስድስት ልጆች አባት፣ ሰባተኛው በመንገድ ላይ።

«ለእኔ እንኳ ይቅርብኝ» አለ ታከለ ፈገግ ብሎ። «ከኋላዬ ላለው ሰው ስጪው፤ ብዙ ልጆች አሉት።»

ይህን ብሎ «በሞቴ»ን መጠበቅ ጀመረ። ሊአት «በሞቴ» አላለችም። ሁለት ቁልፍ ተጫነች፤ ማተሚያው አንድ ወረቀት ተፋ። «ፈርም» አለችው። ታከለም እንደየማክሰኞው ፈረመ።

ፈለቀ ተራው ደርሶ ሲቀመጥ ሥራው እዚያው ሊአት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠየቀችው። ፈለቀ እንደ ሌባ የተያዘ ያህል ደነገጠ።

«ይህማ የአያ ታከለ ሥራ ነው! ከሰው አፍ ነጥቄ? በዕድሜም ታላቄ ነው። ለእሱ ይሁን።»

ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ።

ታከለ ውጭ ጥላ ሥር እየጠበቀው ነበር። ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው እኩል ተናገሩ።

«እንኳን ደስ ያለህ!»

«ምኑን?» አለ ፈለቀ።

«ሥራውን ነዋ። ላንተ ተውኩልህ እኮ።»

«እኔም ላንተ ተውኩልህ!»

«ታዲያ ሥራው ማን ዘንድ ነው?» አለ ታከለ። «እዚያው ልጅቱ ዘንድ ነዋ» አለ ፈለቀ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሳቁት ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችሉ ነው።

ያነበበችው የታከለ ልጅ ዮዲት ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። «አባ፣ ሴሩቭ! ሥራ ሰጥተውህ እንቢ ብለሃል ይላል። ሁለት ወር ድጎማ የለም።»

«እኔ? እኔ እኮ እሺ ልል ነበር።»

«መቼ?»

«ሦስተኛ ሲጠይቁኝ።»

ዮዲት በዕብራይስጥ አምላኳን ጠራች። እናቷ ሸጋ ግን የተናደደችው በሌላው ወገን ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ ዝም? ምነው፣ ይህችን ልጅ ያሳደጋት የለም?» አለች። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ የቀረውን ዱቄት አየች።

እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ምን ይበሉ? ይህን የሚጠይቅ ሳጥን በማንም ቅጽ ላይ የለም። በሁለቱም መዝገብ ላይ «ለሥራ ተነሳሽነት የለውም» ተብሎ ተጻፈ። አሥራ አንድ ዓመት ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ተነሳሽነት የለውም! ደግነቱ ሰውየው ማንበብ አይችልም፤ የጻፈውም ማፈር አይችልም፤ ተቻቻሉ።

ዮዲት ለአባቷ አቤቱታ ጻፈች፤ ለፈለቀም እንዲሁ። «አባቴ ሥራውን አልናቀም፤ የእኛ ትሕትና ነው» አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ታከለና ፈለቀ በአንድ ጠዋት አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ተጠሩ። ክፋቱ ያን ዕለት ዮዲት የማትሪክ ፈተና ነበረባት። ስለዚህ አባቷን አስቀድማ አሠለጠነችው።

«አባ፣ እዚያ የሚሰጡህን ሁሉ በመጀመሪያው ተቀበል። ወንበር? ኬን፣ እሺ። ውኃ? ኬን። ‹አይ ግድ የለም› የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ!»

በየማታው ተለማመዱ። ብርቱካን ትሰጠዋለች፣ «ኬን!» ይላል። የራሱን ነጠላ ጫማ ትሰጠዋለች፣ «ኬን!» ሸጋ ከጓዳ ሆና «ምን ዓይነት ስግብግብ አደረግሽብኝ!» ትላለች። መጀመሪያ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይያዝበት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ከጥያቄው እኩል መውጣት ጀመረ።

ቀኑ ደረሰ። ጸሐፊው በሩ ላይ ብቅ ብሎ «መጀመሪያ ማን ነው?» ሲል፣ ታከለ ፈለቀን፣ ፈለቀም ታከለን ጠቆመ። ጸሐፊው ትዕግሥቱ አልቆ ታከለን በክንዱ ይዞ አስገባው።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቪሻይ የሚባል ጠበቃ ነው፤ ከፊቱ የተቆለለው ፋይል ዓይኑን ጋርዶታል።

«ተቀመጥ።»

«ኬን!» ተቀመጠ።

«ውኃ?»

«ኬን!» ጠጣ።

«ብስኩት አለ፣ ውሰድ።»

«ኬን!» ሁለት ወሰደ፤ እንደ ሠለጠነ ሰው።

አቪሻይ ደስ አለው። ወረቀቱን አገላብጦ፣ «እየው፣ እንቢ ብለህ ፈርመሃል። ብንፈርድ አይጠቅምህም። ጊዜህን አታባክን፤ አቤቱታውን በፈቃድህ ብትተወው ይሻላል። ትተወዋለህ?» አለው።

ታከለ ቃሉን አልሳተውም። ጥያቄው ገብቶታል፤ መልሱም ደረቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ስለ አሥራ አንዱ ዓመት፣ ስለ ማሽኖቹ ሸራ፣ ሦስት ጊዜ መጠየቅ የሰው ወግ ስለመሆኑ። ግን ሦስት ሳምንት የሠለጠነ አፉ ቀደመው።

«ኬን!»

ማተሚያው ወረቀት ተፋ። ታከለ ፈርሞ ተነሣ፤ በሩ ጋ ደርሶም ጥቂት ቆመ። ምናልባት ሁለተኛ ይጠይቁት ይሆናል ብሎ ነው። አቪሻይ የሚቀጥለውን ፋይል ገለጠ።

ፈለቀ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ወጣ።

«ምን አሉህ?» አለው ታከለ።

«ተወው አሉኝ። አልተውም አልኳቸው።»

«ጎሽ! እኔ እሺ አልኩ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ራሳቸው ተዉት። ውድቅ ነው አሉ።»

ወረቀቶቻቸውን ጎን ለጎን ያዙ። እሺ ያለውም እንቢ ያለውም ሁለት ወሩ አልተመለሰለትም።

ወደ ሽኩና ጊሜል የሚሄደው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ግባ ፈለቀ።»

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም አያ ታከለ።»

«የልጆች አባት ነህ፣ ግባ እንጂ!»

ሾፌሩ «ኑ!» ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ሄደ። ሁለቱ አቧራውን ከፊታቸው ጠርገው በእግራቸው ተጓዙ።

«የዖሜሩ ሥራ እስካሁን ሰው አልተገኘለትም አሉ» አለ ፈለቀ። «ሣሩ ደርቋል ይባላል።»

«ተው እባክህ! እንግዲያ ማክሰኞ መጠየቋ አይቀርም። ስትጠይቅህ ሳትጨርስ እሺ በላት።»

«እኔ? አንተ ቀድመህ ተሰልፈህ?»

«እኔ ከኋላህ እሰለፋለሁ።»

«ታላቄ ከኋላዬ ሊሰለፍ? ኧረ አይሆንም አያ ታከለ!»

«በሞቴ፣ ፈለቀ።»

«በእኔ ሞት!»

እንዲህ እየተባባሉ ሽኩና ጊሜል ደረሱ። አልተስማሙም።